የግራው ስፒከር

ጥቅምት 8 ቀን

ለሚዜያችን፣

እንደምን ከርመሃል? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ብዕር አንስቼ ነበር፤ ውሸት ሆነብኝና ተውኩት።

ለጓደኛህ የጻፍካቸው ደብዳቤዎች ደርሰዋል። የመጀመሪያውን ሳልከፍት አጠገቡ አስቀመጥኩለት፤ ሁለተኛውንም እንደዚያው። ትናንት የመጣውን ግን ከፈትኩት። ይቅርታ አድርግልኝ፣ የሰው ደብዳቤ የመክፈት ልማድ የለኝም። «ምን አስቀየምኩህና ነው እንዲህ ዝም ያልከኝ?» ብለሃል። ምንም አላስቀየምከውም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር እንዳጎነበሰ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ግራ እጁና ግራ እግሩ አይታዘዙለትም። ይናገራል፣ ግን ጥቂት ነው የሚናገረው፣ ያውም ምላሱ እየተያያዘ። ሆስፒታል ከርሞ አሁን ቤት ገብቷል። ቀን ቀን እዚያ የምታውቀው ሙዚቃ መስሚያ ወንበሩ ላይ እናስቀምጠዋለን።

ስልክ ያልደወልኩልህ ድምፅህን ስሰማ እንደማለቅስ ስለማውቅ ነው። በወረቀት ሲሆን ባለቅስም አይሰማም።

የምጽፍልህ ለአንድ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ጣውንቶቼ፣ መቼም ስፒከሮቹን ምን ብዬ እንደምጠራቸው ታውቃለህ፣ አንደኛዋ ማለትም የግራዋ ተገነጣጥላ የምግብ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋች ናት። ድምፅ በሚያወጣው ክብ ወረቀቷ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ አርጅቶ ይፈረፈር ነበርና እሱን ፍቆ ጨርሶ፣ አዲሱን ሳይገጥም ነው የወደቀው። አዲሱ ስፖንጅ አንተ በላክበት ፖስታ ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል። ልጄ «ይኼን ግሳንግስ እናውጣውና ቤቱ ይስፋ» ትላለች። እኔ ግን መልሼ ልገጥማት ፈልጌያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እጅጌን ከትከሻ ያጋጠመ እጅ አንድ ክብ ስፖንጅ አያቅተውም። የትኛው ማጣበቂያ እንደሆነና ከየት እንደሚጀመር ጻፍልኝ።

ለምን እንደፈለግኩ ግን አትጠይቀኝ።

የጓደኛህ ባለቤት


ጥቅምት 24 ቀን

ውድ ሙሽሪት፣

ደብዳቤሽን የቤቴ በር ላይ ቆሜ ጀምሬ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት። ምን ብዬ ላጽናናሽ? ንግግር ላይ እንደማልሆን ታውቂያለሽ፤ በሠርጋችሁ ዕለት እንኳ «ሚዜው ይናገር» ተብዬ ስለ አዳራሹ ማይክሮፎን መጥፎነት ነው የተናገርኩት። አዝኛለሁ። በጣም አዝኛለሁ። እሱን ተቀይሜ የጻፍኩትን ያንን ደብዳቤ ቅደጂልኝ።

ከደብዳቤሽ ጀርባ በእርሳስ «አትመጣም ወይ?» ብለሽ ጽፈሽ ሰርዘሽዋል። የተሰረዘ ነገር ማንበብ እወዳለሁ። አሁን አልችልም፣ ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ወደ ሥራው እንግባ። ማጣበቂያው ነጩ፣ ሲደርቅ ጥርት የሚለው ይሁን፤ የጫማ ማስቲሽ እንዳታስጠጊው፣ ስፖንጁን ይበላዋል። መጀመሪያ ስፖንጁን ከወረቀቱ ጋር ብቻ አጣብቂና ይደር። በማግሥቱ ከብረቱ ክፈፍ ጋር። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ከሥሩ ቀጭን የሽቦ ጥቅልል አለው፤ ጥቅልሉ የሚመላለሰው ማግኔቱ ውስጥ ባለ ጠባብ ክፍተት ነው። ማጣበቂያው ሳይደርቅ የሁለት እጅሽን ጣቶች ከዚህና ከዚያ አሳርፈሽ ወረቀቱን ገፋ፣ ለቀቅ አድርጊው። ጆሮሽን አስጠጊ። የሚፋተግ ነገር ከሰማሽ ወረቀቱ መሃሉን ስቷል፤ ጎተት አድርገሽ እንደገና ሞክሪ። ምንም ካልተሰማሽ ልክ ገብቷል፤ ማንም ሳይነካው ይደር።

ሳጥኗ ውስጥ ስትመልሻት ቀዩን ሽቦ ከቀዩ ጋር። ከተጠራጠርሽ ከግድግዳ ሰዓት ባትሪ አውጥተሽ ቀዩን በመደመር ምልክቱ በኩል አድርገሽ ሽቦዎቹን ነካ አድርጊበት፤ ወረቀቱ ወደ አንቺ ብቅ ካለ ደህና ነው።

አንድ አደራ አለኝ። ወለሉ ላይ በጥቁር ፕላስተር የተለጠፉት ምልክቶች የሁለቱ ስፒከሮችና የወንበሩ ቦታ ናቸው። እኔና እሱ አንድ ሙሉ እሑድ ፈጅተን፣ በአንድ ጣት ስፋት ተኳርፈን ያገኘነው ቦታ ነው። ከዚያ ዝንፍ ካሉ የዘፋኟ ድምፅ መሃል ላይ አይቆምም፣ ወደ አንዱ ጥግ ይሸሻል። ሁሉንም በየምልክታቸው ላይ አድርጊልኝ።

ሚዜሽ


ኅዳር 14 ቀን

ለሚዜያችን፣

ወረቀቱ መፋተጉን ትቷል። ደጋግሜ አበላሽቼ ነው የተሳካልኝ። ነገሩ እንደ አንገትጌ ነው፤ ከአንድ ወገን ስትስበው ከሌላው ወገን ይኮማተራል። ባትሪውን ሳስነካው ብቅ ሲል ብቻዬን ሳቅኩ። ከሳቅኩ ሰንብቼ ነበር።

ስለ ምልክቶቹ ለእኔ አትንገረኝ። ቤት ስጠርግ አንዷን ሳጥን በመጥረጊያ ገፋ ስላደረግኩ ሳምንት ሙሉ ያኮረፈኝን ሰው ነው ያገባሁት፤ አንተው ነህ ያጋባኸኝ።

በኋላ በላክልኝ ፖስትካርድ ላይ «ያወራሻል ወይ?» ያልከኝን ባልመልስልህ ደስ ይለኝ ነበር። አያወራኝም። ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን ከስፌት መኪናዬ ተነስቼ ላጎርሰው ማንኪያ ሳቀርብ ፊቱን አዞረብኝ። አንዴ ቢሆን በሽታው ነው ብዬ አልፈው ነበር፤ በቀረብኩ ቁጥር ነው። ስጠራው ወዲያ ማዶ ያያል። ልጄ ያመጣችልን አስታማሚ ሲያጎርሰው ግን አፉን ይከፍታል። ሰውየው ጨዋና ጠንካራ ነው፤ ያጥበዋል፣ ያነሳዋል፣ ያስተኛዋል፤ የእኔ ወገብ ይህን አይችልም። ልጄ ከሥራ ስትመጣም ገና ከበሩ ስትገባ ያያታል፣ «ብርዱ አልመታሽም?» ምናምን ይላታል። ለእኔ ቃል የለውም። እኔም እንግዲህ እኔ ነኝ፤ ሲያኮርፈኝ አኮረፍኩት። እንደ ድሮዬ በመስኮቱ በኩል ጎኑ ተቀምጬ፣ ቃል ሳልተነፍስ ስሰፋ እውላለሁ። ያቺ መኪና ሙዚቃዬን ታበላሻለች እያለ ሲነጫነጭብኝ የኖረ ሰው አሁን ስትንኳኳ ዞር ብሎም አያያትም።

ልጄ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አግኝታለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ለእኔ ብላ ነው። «እማዬ፣ እሱ እኮ አያውቅሽም፤ በከንቱ ራስሽን ገደልሽ» ትለኛለች። እስከ ጥር መጨረሻ መልሴን ትጠብቃለች። ያልኳትን ለአንተም ልንገርህ። የሚያውቀኝ ከሆነ እኔ ሞቼ ካልወጣሁ በቀር ከዚህ ቤት አይወጣም። የማያውቀኝ ከሆነ ግን ማን አጠበው፣ ማን አጎረሰው፣ ለእሱ ምን ለውጥ አለው? እኔም ከማያውቀኝ ሰው ጎን ተቀምጬ ማርጀት አልችልም።

ስፒከሯን ለምን እንደፈለግኩ አሁን ገባህ። እኔን ቢረሳ እነሱን አይረሳም። በእነሱ በኩል ይመለስልኝ ይሆናል ብዬ ነው። ባሏን ለማስመለስ ጣውንቶቿን የምትለማመጥ ሚስት አይተህ ታውቃለህ?

የጓደኛህ ባለቤት


ኅዳር 27 ቀን

ውድ ሙሽሪት፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት።

የምታጫውቺለት ሸክላ የዚያች ወፍራም ድምፅ ያላት ዘፋኝ ይሁን፣ ሽፋኑ የተቀደደው። ያንን ሸክላ እያንዳንዷን ጭረቱን ያውቃታል። ክላርኔቱ ከግራ ነው የሚመጣው፣ ፒያኖው ከቀኝ፣ እሷ መሃል። ክላርኔቱ ሲገባ ሁልጊዜ ቅንድቡን ያነሳል፤ ሳያውቀው ነው የሚያነሳው። እሱን እይ። ቅንድቡ ከተነሳ የድሮው ሰው ውስጡ አለ ማለት ነው፤ እሱ ካለ ደግሞ አንቺን የሚረሳበት ምክንያት አይታየኝም።

ያልመጣው ታሞ ነው እንዳትይ። ደህና ነኝ። ያልመጣሁት በሌላ ምክንያት ነው።

ሚዜሽ


ታኅሣሥ 13 ቀን

ለሚዜያችን፣

ቅንድቡ አልተነሳም።

ሁሉንም እንዳልከኝ አደረግኩ። ሳጥኖቹን ወልውዬ በየምልክታቸው አቆምኳቸው። አስታማሚውና ልጄም ነበሩ። ሙዚቃው ሲጀምር መጀመሪያ ፊቱ በራ፤ ይህን አልክድም። ጭንቅላቱን ወደ ቀኟ ስፒከር አዘነበለ፣ ጣቶቹ የወንበሩን እጀታ መታ መታ አደረጉ። ክላርኔቱ የሚገባበት ደረሰ፣ ምንም። ፒያኖውን ብቻ ይዞ ቀረ። ከዚያ ፊቱ ጠቆረና ለልጄ «ግራዋ ሞታለች» አላት።

አልሞተችም! ጆሮዬን ደቅኜባታለሁ፣ ክላርኔቱን እንደ ሰው ትንፋሽ አጠገቤ ሰምቼዋለሁ፣ ልጄም ሰምታዋለች። ወይስ እናንተ የምትሰሙት፣ እኔ የማልሰማው ነገር አለ? አጣብቄ ያበላሸሁት ካለ ንገረኝ፤ አልቀየምም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግርህም ብዬ ነበር። ልጄ ልትሄድ ስትነሳ እጇን ያዘና «እናትሽ መቼ ነው የምትመጣው?» አላት። እኔ ጎኑ ተቀምጬ። እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ጨርቄን አንስቼ መስፋቴን ቀጠልኩ። የሰፋሁትን በማግሥቱ ተረተርኩት።

ከእንግዲህ ምን እጠብቃለሁ? ያንን መጦሪያ ቤት ሄደን እንድናየው ቀን ቆርጣለች።


ታኅሣሥ 22 ቀን

ውድ ሙሽሪት፣

ምንም አላበላሸሽም። ቢሆንም እስኪረጋገጥ ድረስ የእኔ ቃል ዋጋ የለውም፣ የአንቺም ለቅሶ እንደዚያው። በእኛ ሥራ አንድ ስፒከር ሞተ ሲባል መፍቻ አይነሳም። መጀመሪያ ቦታ ማቀያየር ነው። የግራውን ገመድ ለቀኟ፣ የቀኙን ለግራዋ ስጪ። ዝምታው ወደ ቀኝ ከተሻገረ ጥፋቱ ድምፁን የሚያጎላው የአምፕሊፋየሩ ነው። እዚያው ግራ ላይ ከቀረ ጥፋቱ የስፒከሯ ነው። ከዚያ ሳጥኖቹን ራሳቸውን አቀያይሪ። ለእሱ አትንገሪው፤ ሲያውቅ ጆሮው ያዳላል። እያንዳንዱን ስታደርጊ ምን እንዳለ ጻፊልኝ።

ለምን እንደማልመጣ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ ብዬሽ ነበር። ሁለት ጊዜ ትኬት ልቆርጥ ወጥቼ ከመንገድ ተመልሻለሁ። ፈርቼ ነው። እጁ መበየጃ ይዞ ፀጉር የምታህል ሽቦ ሲያያይዝ ነው የማውቀው፤ ያ እጅ ጭኑ ላይ ወድቆ ላየው አልቻልኩም። አንቺ በየቀኑ የምታይውን እኔ አንዴ ማየት አቃተኝ። ታዘቢኝ፣ መብትሽ ነው።

መጦሪያ ቤቱን ማየት ክፋት የለውም፤ ግን መልሱን ከመስጠትሽ በፊት ይህን ጨርሺልኝ።

ሚዜሽ


ጥር 3 ቀን

ለሚዜያችን፣

አልታዘብህም። እኔም ብሆን ቤቴ ባይሆን ኖሮ አልገባም ነበር።

ገመዶቹን አቀያየርኩ። አሁን ክላርኔቱ በቀኝ መጣ፤ ቅንድቡ ተነሳ! ተነሳ እልሃለሁ። ግን ያኔም «ግራዋ ሞታለች» አለ። ግራ ላይ ያለው ፒያኖ ለእሱ የለም። ዝምታው ግራ ላይ ቀረ፤ ጥፋቱ የእኔ ማጣበቂያ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሆኖም ጨርሺልኝ ብለሃልና በማግሥቱ አስታማሚው ረድቶኝ ሳጥኖቹን አቀያየርናቸው። እኔ ያጣበቅኳት ቀኝ ላይ ቆመች፣ ጤነኛዋ ግራ ላይ። የእኔዋን አንገቱን አዘንብሎ ሰማት፣ «ጎበዝ» አላት። ጤነኛዋን፣ ያቺን አንድም ቀን ታማ የማታውቀውን፣ «ሞታለች» አለ።

ታዲያ አሁን ጥፋቱ የማን ነው?

መጦሪያ ቤቱን አየነው። ንጹሕ ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። ስንመለስ መኪና ውስጥ ልጄ አለቀሰች፣ እኔ አላለቀስኩም።


ጥር 11 ቀን

ውድ ሙሽሪት፣

ይህን ደብዳቤ በአስቸኳይ ነው የምልከው፤ እንደደረሰሽ አንብቢው።

ገመዱ ደህና ነው። አምፕሊፋየሩ ደህና ነው። ሁለቱም ስፒከሮች ደህና ናቸው፣ አንቺ ያጣበቅሻትም ጭምር። ሁሉንም ከፈተሽን በኋላ የቀረን ሰሚው ብቻ ነው። እስካሁን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ስንል ነው የከረምነው።

ክፍላችሁን ወረቀት ላይ ሣልኩት። ወንበሩ መሃል። በስተቀኙ በሩ ነው፤ ልጅሽ የምትገባው በዚያ ነው። በስተግራው መስኮቱ ነው፤ የስፌት መኪናሽም ያለው እዚያ ነው። አስታማሚው ሲያጎርሰው በየት በኩል ነው የሚቆመው? በቀኝ ከሆነ ግምቴ ልክ ነው። አንቺስ ማንኪያውን ይዘሽ ከመኪናሽ ስትነሺ በየት በኩል ቀረብሽው? ሙሽሪት፣ ፊቱን ያዞረብሽ አይመስለኝም። እሱ ዘንድ ግራ የሚባል ወገን የጠፋ ይመስለኛል። አንቺ ደግሞ እዚያ የጠፋው ወገን ውስጥ ተቀምጠሽ፣ ያውም አኩርፈሽ፣ ድምፅሽን ሳታሰሚ፣ ትጠብቂዋለሽ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሙን ጠይቂ። ግን እስክትጠይቂም አትጠብቂ። ምልክቶቹን ከወለሉ ላይ ንቀዪያቸው፣ አደራ ያልኩሽን ትቼዋለሁ። ሁለቱንም ሳጥኖች በቀኝ በኩል አድርጊለት፣ ዘፋኟ መሃል ትቁም ጥግ ትቁም ምን አገባን። ራስሽንም ወደ ቀኝ አምጪ።

ሚዜሽ


ጥር 27 ቀን

ለሚዜያችን፣

አስታማሚው በቀኝ ነው የሚቆመው። ሁሌም በቀኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ደነገጠ፤ «እርስዎም የሚያውቁ መስሎኝ ነው» አለኝ። ያከመችው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። «ከሆስፒታል ስትወጡ ነግሬዎት ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ነግራኛለች። «በግራው ያለውን ነገር ልብ አይልም፣ በቀኝ ይቅረቡት» ብላኛለች። እኔ ያን ዕለት የማየው የተንጠለጠለ እጁን ነበር፤ ስለ እጁ የምታወራ መስሎኝ «እሺ፣ እሺ» ብዬ ወጣሁ። ዓይኑም ጆሮውም አልተነኩም አለችኝ። አንጎሉ ነው ግራ የሚባል ነገር መኖሩን የተወው። ሊሻሻል ይችላል፣ ላይሻሻልም ይችላል።

ለልጄ ስነግራት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ለካ ያን ቀን ብቻ አልነበረም የጠየቃት። ቤት ከገባ ጀምሮ በመጣች ቁጥር «እናትሽስ?» ይላታል። እኔ እንዳልጎዳ ብላ ደብቃኝ ኖራለች። አንድ ጊዜም «ተቀይማኝ ነው የሄደችው?» ብሏት ነበር።

ፕላስተሩን ነቀልኩት፤ ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆኖ ነበርና በቢላ ነው የተፋቀው። ሁለቱን ሳጥኖች በሩ አጠገብ ጎን ለጎን አቆምናቸው። አንተ ብታየው ታለቅስ ነበር፣ አቀማመጡ ከገበያ የተረፈ ዕቃ ይመስላል። ከዚያ አስታማሚው የስፌት መኪናዬን ወደዚያው ጎተተልኝ። እኔ ግን ከወንበሩ ኋላ ቆሜ ቀረሁ። ፈርቼ ነበር። ይህም ካልሆነ የሚቀረኝ ምክንያት አልነበረም፤ ልጄ ደግሞ ለመጦሪያ ቤቱ መልስ ለመስጠት ያላት ጊዜ ያ ሳምንት ብቻ ነበር።

ሸክላው ጀመረ። ዓይኑ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሄደ። «ሁለቱም አሉ» አለ። ያኔ ከኋላው ወጥቼ በቀኙ በኩል መጣሁና መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፣ ልብሴን፣ ጣቴ ላይ ያለውን የመርፌ መግፊያ ሳይቀር።

«መጣሽ?» አለኝ።

ልቆጣው ነበር። «የት ሄጄ ነው የምመጣው? እዚሁ አልነበርኩም እንዴ!» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ታውቀኛለህ። ግን ፊቱን አየሁት። ሰው ሲጠብቅ የከረመ ሰው ፊት ነው። ይህን ሁሉ ወር እኔ እሱን ስጠብቅ እሱም እኔን ሲጠብቅ ነበር።

«መጣሁ» አልኩት።

«መንገዱ ሩቅ ነው?» አለኝ፣ ምላሱ እየተያያዘ።

«ሩቅ ነበር» አልኩት።

ደህናውን እጁን ዘረጋልኝ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ስለ መጦሪያ ቤቱ እኔም አላነሳሁባት፣ እሷም አላነሳችብኝ። በማግሥቱ ወደዚያ ደውላ እንደማይመጣ ነግራቸዋለች።

እነሆ አሁን ከእሱ በስተቀኝ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። የማጎርሰውም እኔ ነኝ። ከአጠገቡ ስነሳ ወዴት እንደምሄድ እነግረዋለሁ፤ ውሃ ላመጣ ነው፣ በር ልዘጋ ነው እለዋለሁ። እስክሰወር በዓይኑ ይከተለኛል፣ ከዚያ በሩን ሲያይ ይቆያል። ስመለስ ደግሞ በእያንዳንዱ ጊዜ፣ ከወጥ ቤት ብመጣም እንኳ፣ «እንኳን ደህና መጣሽ» ይለኛል።

የጓደኛህ ባለቤት